ሳይመረመር ያለፈው ሕመም

በታኅሣሥ 2014 ከቡራዩ አሸዋ ሜዳ ተነስቶ በአስኮ በኩል ወደ መርካቶ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ሳል ያልተሰማበት ጠዋት አልነበረም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። የረዳቱ ድምፅ ተዘግቷል፣ ከኋላ ወንበር ያለችው በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ይዛለች፣ የአብዛኛው ተሳፋሪ ማስክ አገጭ ሥር ወርዷል። «መስኮት ክፈቱ» የሚል ሲገኝ «ንፋስ ሊያስመታን ነው?» የሚል ሌላ ይነሳል፤ በዚህ ክርክር ደግሞ የሚረታው ብዙውን ጊዜ አስዘጊው ነው። ከሰበታ በዓለም ገና በኩል ወደ አየር ጤና፣ ከሱሉልታም የእንጦጦን ቁልቁለት ይዞ ወደ አዲሱ ገበያ በሚገባው ታክሲ ነገሩ ያው ነበር። «የዘንድሮ ጉንፋን ለየት ይላል» ይባላል፤ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በማር ይዋጣል፣ ማታ በባሕር ዛፍ ቅጠል ይታጠናሉ፣ በሳምንቱ ወደ ሥራ ይመለሳሉ። በዚያው ወር በአገር አቀፍ ደረጃ በቀን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኮሮና እንደተገኘባቸው በዜና ይነገር ነበር። ከሚኒባሱ ተሳፋሪዎች ግን ናሙና የሰጠ ብዙ አልነበረም።

ዛሬ ያ ሰሞን ሲነሳ «እኔንም ይዞኝ ሳይሆን አይቀርም» የሚለው ብዙ ነው፤ «ሳይመረመር በምን አወቀ?» ብሎ የሚያፌዝም አይጠፋም። እኔ በዚህ ክርክር ከፊሉን ለጠርጣሪው፣ ከፊሉን ለተጠራጣሪው አካፍዬ የማልፍ አይደለሁም። ምርመራ እንደ ልብ ባልተገኘባቸው በእነዚህ የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች የሕመም ትዝታ ማስረጃ ነው። ክብደቱ ይለያያል፤ መቼ እንደታመሙ፣ ምን ምልክት እንደነበረና በዙሪያው ምን ይታይ እንደነበር ተጠይቆ ሊመዘን ይችላል። ሲመዘን አንዳንዱ ጥርጣሬ ይጠነክራል፣ አንዳንዱም ይወድቃል። ሳይመዘን «ወረቀት የለህምና አልታመምክም» ማለት ግን ከሳይንስ ይልቅ ለቢሮ አሠራር የቀረበ አነጋገር ነው።

ወረቀቱ ለምን እንደሌለ መጀመሪያ እናንሳ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ሲገለጽ ከዚያ ጥቂት ሳምንታት በፊት የነበሩት የተጠርጣሪዎች ናሙናዎች ለምርመራ ወደ ደቡብ አፍሪካ ነበር የተላኩት። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በራሱ ቤተ ሙከራ መመርመር ከጀመረ በኋላም ቅድሚያው ከውጭ ለገባና ንክኪ ላለው ሰው ነበር። በ8335 ደውሎ «ሳል አለኝ» ያለ የሰበታ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ በዚያ ሰሞን ተራ ይደርሰው ነበር ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ቢደርሰውስ? በመጀመሪያዎቹ ወራት ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ፣ ምልክት ባይኖረውም፣ በአምቡላንስ ተወስዶ እንደ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታልና ሚሊኒየም አዳራሽ ባሉ ማከሚያዎች ይቆይ ነበር። በአንድ ግቢ አምስትና ስድስት ተከራይ በአንድ ቧንቧና በአንድ መጸዳጃ ቤት በሚጠቀምባቸው ሰፈሮች አምቡላንስ በር ላይ መቆሙ ብቻ ከጎረቤት ያስገልላል፤ አከራይም «ልቀቁልኝ» ሊል ይችላል። የቀን ሠራተኛ ለሁለት ሳምንት ከሥራ ሲቀር የሚተካለት ደመወዝ የለም። ስለዚህ አለመመርመር ከግድየለሽነት ብቻ የመጣ አልነበረም፤ የተሰላ ውሳኔም ነበር። በነሐሴ 2012 በተካሄደው አገር አቀፍ ዘመቻ የምርመራው ቁጥር በቀን ወደ 20 ሺህ ደርሶ ነበር፤ በመስከረም 2013ም ቦሌ ለሚ ላይ የመመርመሪያ ኪት ፋብሪካ ተመረቀ። ዘመቻው ሲያበቃ ግን ቁጥሩ መልሶ ወረደ።

የዙሪያ ከተሞቹ የራሳቸው ጣጣም አለባቸው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በአስተዳደር የኦሮሚያ ናቸው፤ ከ2015 ወዲህም በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። ከነዋሪያቸው ብዙው ግን ውሎው አዲስ አበባ ነው። እዚህ የሚያድር፣ እዚያ የሚሠራ፣ ምናልባትም በሦስተኛ ቦታ ናሙና የሚሰጥ ሰው በየትኛው መዝገብ እንደሚገባ መገመት ቀላል አይደለም። ቫይረሱ የክልል ወሰን አያውቅም፤ ሪፖርቱ ግን ያውቃል። ስለዚህ «ሰበታ ላይ ያን ያህል ታማሚ አልተመዘገበም» የሚለው መከራከሪያ ስለ በሽታው ከሚነግረን ይልቅ ስለ ምዝገባው የሚነግረን ይበዛል።

የተመዘገበውና የሆነው ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያሳይ ጥናት ሩቅ አገር መፈለግ አያስፈልግም። በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልና በጂማ ሕክምና ማዕከል ሠራተኞች፣ እንዲሁም በአካባቢ ነዋሪዎች ላይ የተደረገው የደም ምርመራ በላንሴት ግሎባል ሄልዝ መጽሔት ታትሟል። ጥናቱ የፈለገው ቫይረሱን ራሱን ሳይሆን ሰውነት ቫይረሱን ሲዋጋ የሚያዘጋጀውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። በቅዱስ ጳውሎስ ሠራተኞች ዘንድ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 የተገኘው በ10.9 በመቶ ነበር። በፌብሩዋሪ 2021 ወደ 53.7 በመቶ ደረሰ። ክትባት ወደ አገር ከመግባቱ በፊት ከሆስፒታሉ ሠራተኞች ከግማሽ የሚበልጡት ተይዘው ነበር ማለት ነው። በዚያ ጊዜ በመላ አገሪቱ በምርመራ የተረጋገጡት ታማሚዎች ከ150 ሺህ ግድም አይበልጡም። «የሆስፒታል ሠራተኛማ ከበሽተኛ ጋር ስለሚውል ነው» የሚል ተቃውሞ ተገቢ ነው። ይኸው ጥናት ግን በገጠር ነዋሪዎችም ከ18 በመቶ ተነስቶ በጥቂት ወራት 31 በመቶ መድረሱን አግኝቷል። በየቀኑ በታክሲ አዲስ አበባ የሚመላለሰው የቡራዩ ሰው ከገጠሩ ያነሰ ተጋልጦ ነበር ለማለት ምክንያት አላገኘሁም። የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ጽሕፈት ቤትም በኋላ ባወጣው ትንተና እስከ ሴፕቴምበር 2021 ድረስ ከአህጉሩ ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው በቫይረሱ ተይዞ እንደነበር ገምቷል፤ ይህም በምርመራ ከተረጋገጠው 97 እጥፍ ነው።

«ይህን ያህል ሰው ተይዞ ቢሆን ሬሳው የት አለ?» የሚለው ጥያቄ በቡና ላይም በታክሲም ሲነሳ ሰምተናል። መልሱ ሁለት ክፍል አለው። የአገራችን ሕዝብ በብዛት ወጣት ነው፤ ኮሮና ደግሞ በወጣት ላይ አይበረታም። ሁለተኛው ክፍል ከሉሳካ የመጣ ነው። እዚያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 አጋማሽ በትልቁ የሬሳ ማቆያ ከገቡ 364 አስከሬኖች ናሙና ሲወስዱ ከአምስቱ በአንዱ ግድም ቫይረሱን አገኙ። ከእነዚህ በሕይወት ሳሉ ተመርምረው የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እኛ ጋ ተመሳሳይ ቆጠራ ቢደረግ ምን ይገኝ እንደነበር መናገር አይቻልም፤ «አልተመዘገበም» ከ«አልሞተም» እንደሚለይ ግን ሉሳካ አሳይታለች።

እስካሁን ያልነው ስለ ብዙ ሰው ነው። አንድ ሰው ስለ ራሱ ሲጠረጥርስ? እዚህ ላይ ከምልክቶች ሁሉ ክብደት ያለው ሽታ ማጣት ነው። ቡና እየተቆላ፣ ጭሱ ቤቱን ሞልቶ፣ ሌላው ሰው እጁን እያወዛወዘ ጭሱን ወደ አፍንጫው ሲስብ አንዷ ምንም ካልሸተታት፣ በርበሬ ሲቆላ ቤተሰቡ ሁሉ ሲያስነጥስ ለእሷ መዓዛው ባዶ ከሆነ፣ ይህ ከተራ የአፍንጫ መደፈን ይለያል። በእንግሊዝ በስልክ መተግበሪያ ምልክታቸውን ያሳወቁ ሰዎችን ያጠናው ቡድን ቫይረሱ ከተገኘባቸው 65 በመቶው፣ ካልተገኘባቸው ደግሞ 22 በመቶው ሽታና ጣዕም እንዳጡ መናገራቸውን አግኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በዲሴምበር 2020 ባወጣው መመሪያም ሌላ ምክንያት ሳይገኝለት በቅርቡ ሽታ ወይም ጣዕም ያጣ ሰው ያለ ምርመራም «ሳይሆን አይቀርም» በሚባለው ምድብ ይገባ ነበር።

ሁለቱን ቁጥሮች ይዘን ስሌት እንሥራ። በአንድ የማዕበል ወር ሱሉልታ ላይ ከሚያስሉ 100 ሰዎች 30ዎቹ ኮሮና ነበረባቸው እንበል፤ ቁጥሩ ለምሳሌ የተወሰደ ነው። ከ30ዎቹ 20 ያህሉ ሽታ ያጣሉ። ኮሮና ከሌለባቸው 70ዎቹም 15 ያህሉ እንዲሁ ያጣሉ። ሽታ ካጡት 35 ሰዎች እንግዲህ 20ዎቹ ኮሮና ነበረባቸው፤ ከግማሽ በላይ መሆኑ ነው። አሁን ወሩን እንለውጥና ማዕበል የሌለበት እናድርገው፤ ከሚያስሉ 100 ሰዎች ኮሮና ያለባቸው 5 ብቻ ይሁኑ። ከእነሱ 3 ያህሉ፣ ከቀሩት 95ም 21 ያህሉ ሽታ ያጣሉ። ያው ምልክት፣ ያው ሰው፣ ነገር ግን ዕድሉ ከስምንት አንድ ሆነ። ለዚህ ነው «ሽታ አጥቼ ነበር» የሚለው ቃል ብቻውን የማይበቃው፤ «መቼ?» የሚለው ጥያቄ አብሮት መሄድ አለበት። በጥር ወይም በየካቲት 2012 ከባድ ጉንፋን ይዟቸው «ገና ሳይታወቅ እኔ ጋ ደርሶ ነበር» የሚሉ ሰዎች ጥርጣሬም በዚሁ ሚዛን ይቀልላል። ፈጽሞ አይሆንም አይባልም፤ ያኔ ግን ከሚያስለው ሰው ውስጥ የኮሮናው ድርሻ እጅግ አነስተኛ ነበር።

በሌላ በኩል በእጁ ወረቀት ያለው ሰው አለ፤ ወረቀቱ ግን የሚለው «ታይፎይድ» ነው። ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ይዞት ወደ መንደር ክሊኒክ የሄደ ሰው ደም ሰጥቶ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተብሎ መድኃኒት ይዞ መመለሱ ከኮሮና በፊትም የተለመደ ነው። ምርመራው በአብዛኛው ዊዳል የሚባለው፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ የተፈለሰፈ ዘዴ ነው። ዊዳልም ባክቴሪያውን አያሳይም፤ ሰውነት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው የሚያሳየው። ከዓመታት በፊት ታይፎይድ የያዘው፣ የተከተበ ወይም በሌላ ተዛማጅ ባክቴሪያ የተጠቃ ሰው ዛሬ በሌላ በሽታ ቢያተኩሰውም «አለብህ» ሊል ይችላል። አስተማማኙ መንገድ ከደሙ ናሙና ባክቴሪያውን ራሱን አሳድጎ ማግኘት ነው፤ ያ ደግሞ ቀናት ይወስዳል፣ ትንንሽ ክሊኒኮችም አይሠሩትም። ስለዚህ በነሐሴ 2012 ወይም በመጋቢት 2013 የተጻፈ የዊዳል ውጤት «ኮሮና አልነበረም» ለማለት አይበቃም። ሚዛናችን ለሁለቱም ወገን አንድ እንዲሆን ግን ይህም ይጨመር፦ የዊዳል መድከም ያንን ትኩሳት በራሱ ኮሮና አያደርገውም። ታይፎይድ በእነዚህ ከተሞች የእውነትም አለ።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የመጣው ከፈረንሳይ ነው፤ ሸፍኜ ማለፍ አልፈልግም። በዚያ አገር ወደ 27 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ሁለት ነገር ጠየቀ፤ «ኮሮና ይዞኛል ብለህ ታምናለህ?» እና «ደምህ ምን ይላል?»። ይዞኛል ካሉት ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል የተገኘው በግማሹ ያህል ብቻ ነው። በተቃራኒው ደማቸው «ተይዘዋል» ካለው ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንደተያዙ አያምኑም ነበር። ይባስ ብሎ ድካምና የመሳሰሉት ለወራት የቆዩ ሕመሞች ከደም ውጤቱ ይልቅ ከእምነቱ ጋር ነበር የተያያዙት፤ ከደሙ ጋር የተያያዘው ምልክት ሽታ ማጣት ብቻ ነው። ጥናቱ ብዙ ትችት ደርሶበታል፤ የደም ምርመራው ራሱ የሚስተው ሰው አለና። ቢሆንም ልብ ያለው ጠርጣሪ ከዚህ አንድ ነገር መውሰድ አለበት፦ «ደክሞኛል፣ ስለዚህ ያኔ ኮሮና ነበር» የሚለው አካሄድ ደካማ ነው። «ያኔ በማዕበሉ ወር ሽታ አጥቼ ነበር» የሚለው ግን ጸንቶ ይቆማል። ጥናቱ ለተጠራጣሪውም የሚያካፍለው አለው፤ «አልያዘኝም» ብሎ በእርግጠኝነት የሚናገረውም ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል።

«ታዲያ ዛሬ ደም ሰጥቶ መገላገል አይቻልም?» ይባላል። አይቻልም ማለት ይቀላል። ከ2013 መጋቢት ጀምሮ በብዛት የተሰጠው የአስትራዜኔካ ክትባት ሰውነት የቫይረሱን ሾህ መሰል አካል እንዲለይ ያሠለጥናል፤ በዚህ አካል ላይ የተሠራው ፀረ እንግዳ አካል ከክትባት ይምጣ ከሕመም መለየት አይቻልም። የቫይረሱን ውስጠኛ ፕሮቲን የሚፈልገው ሌላኛው ምርመራ ያንን መለየት ይችላል፤ ነገር ግን ይህ ምልክት ከወራት በኋላ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ሙሉው የሞተ ቫይረስ ያለበትን ሲኖፋርም የተከተበ ሰው ላይም ሊታይ ይችላል። ከዚያ ሁሉ ወዲህ ደግሞ የኦሚክሮን ዝርያና ተከታዮቹ አልፈዋል። የዛሬ ውጤት «አዎ» ቢል እንኳ የትኛውን ዓመት ሕመም እንደሚናገር አይታወቅም። ለዚህ ብሎ ለግል ላቦራቶሪ መክፈል ገንዘብ ማባከን ነው።

ስለዚህ የቀረን ትዝታ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ትዝታን አክብሮ በማጥናት ልምድ አላት። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በከተማዋ የመቃብር ቦታዎች የሟቾች ምዝገባ ሲካሄድ ቆይቷል። ያ ዘመን በኤድስ ብዙ ሰው የሚሞትበት፣ በሕይወት ሳለ የተመረመረ ግን ጥቂት የሆነበት ነበር። ቀባሪው ቤተሰብ የሞቱን ምክንያት ሲጠየቅ «ኤድስ» አይልም፤ «የሳንባ በሽታ» ወይም ይህን የመሰለ ነገር ይላል። ተመራማሪዎቹ ይህን አድበስባሽ መልስ አልጣሉትም። ከሆስፒታል ማስረጃና ከዝርዝር የቤተሰብ ቃለ መጠይቅ ጋር እያመሳከሩ የትኛው አባባል ምን ያህል ጊዜ ኤድስን እንደሚያመለክት ለኩ፤ በዚያም የከተማዋን የኤድስ ሞት ተከታተሉ። ያ ልኬት የአንድን ሟች የሞት ምክንያት አይቆርጥም፤ የሺዎቹን ግን ያሳያል። ለኮሮናም ተመሳሳይ ሚዛን ነው የምጠይቀው፤ ከእነዚህ መቃብሮች ውጭ በቀሩት የዙሪያ ከተሞች ደግሞ ይበልጥ ያስፈልጋል።

«አሁን ለምን ይጠቅማል? ሁሉም ተይዞ የለ?» ለሚለው፣ ለጤነኛው ሰው እምብዛም አይጠቅምም ብዬ በግልጽ እስማማለሁ። የሚጠቅመው ላልተሻለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በኦክቶበር 2021 የድኅረ ኮሮናን ሕመም ሲተረጉም በምርመራ የተረጋገጠ ብቻ አላለም፤ «የተረጋገጠ ወይም ሳይሆን አይቀርም የተባለ» የኮሮና ታሪክ ያለው፣ ምልክቱ ቢያንስ ሁለት ወር የቆየና በሌላ በሽታ የማይገለጽ ነው ያለው። ምርመራ የሌለው ሰው እንግዲህ በሩ አልተዘጋበትም። የመጨረሻዋ ሐረግ ግን አደራ አለባት፦ «በሌላ በሽታ የማይገለጽ»። ሱሉልታ ላይ ልምምድ የሚሠራ ሯጭ ሰዓቱ ወርዶ ትንፋሽ ቢያጥረው ኮሮናን ከመክሰሱ በፊት የደም ማነስ መታየት አለበት። ሰበታ ላይ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሠራተኛ «የድሮው ኮሮና ቅሪት ነው» ብሎ ቤቱ ቢቀመጥ ሳንባ ነቀርሳው ለልጆቹ ይተርፋል። መጀመሪያ አክታ፣ ሄሞግሎቢን፣ ስኳርና ግፊት፤ ጥርጣሬው የሚቆመው እነዚህ ጠርተው ሲቀሩ ነው።

ለጤና ባለሙያው የምለው አጭር ነው፤ ካርዱ ላይ አንድ መስመር ይጻፍ። ለምሳሌ «መጋቢት 2013፤ ትኩሳትና ሳል፤ ሽታ ለ10 ቀን ጠፍቶ ነበር፤ ናሙና አልተሰጠም፤ በቤቱ ሌሎች ሁለት ታመው ነበር»። ወረፋው ረጅም መሆኑ አይካድም፤ ይህን መጻፍ ግን ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። ወሩን የሚረሳ ሰው በበዓል ሲጠየቅ ያስታውሳል። ኢትዮጵያ ውስጥ ማዕበሎቹ ጎልተው የታዩት በነሐሴ 2012፣ በመጋቢትና በሚያዝያ 2013፣ በ2014 መባቻና በዚያው ዓመት ገና ሰሞን ነው። «ሁዳዴ ላይ ነበር፣ በ2013» ያለ ሰው ሁለተኛው ማዕበል ከፍ ባለበት ወቅት ታሟል፤ ሽታም አጥቶ ከነበረ ጥርጣሬው ከባድ ነው። «ለ2014 ገና ቤቱ ሙሉ ተኝቶ ነበር» ያለችም የኦሚክሮን ሰሞን ላይ ናት፤ ሽታ አለማጣቷ ጥርጣሬውን ብዙም አይቀንሰውም፣ ያ ዝርያ ሽታ የሚያሳጣው ከቀደሙት ባነሰ መጠን ነበርና። «ምርጫው ሰሞን» የሚል ግን ሰኔ 2013ን ነው የሚጠራው፤ ያኔ በቀን የሚመዘገበው ታማሚ በጣም ወርዶ ስለነበር ለዚያ ትኩሳት ሌላ ምክንያት መፈለግ ይሻላል።